የኔታ ደጋግመው የገቡበት ሰርግ

በእኛ የኬሚስትሪ ክፍል ያልከሰለ ነገር የለም። የጤፍ ገለባ ከስሏል፣ የቡና ገለፈት ከስሏል፣ የሙዝ ልጣጭና የአቮካዶ ፍሬም ከስለዋል፤ አንዱ የዶሮ ላባ ሲያከስል ሕንጻው በሙሉ ለሳምንት ሸቷል። ከእኔ በፊት የነበሩት የማስተርስ ተማሪዎች ያገኙትን አክስለው፣ ፈጭተው፣ ቀለም የገባበት ውሃ ውስጥ ጨምረው፣ ውሃው ምን ያህል እንደጠራ ለክተው ተመርቀዋል። ሥራው ክፉ አይደለም። ከሰል ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ በውሃው ውስጥ የሚዋልለው ቀለምና መርዝ እየመጣ ገጹ ላይ ይቀመጣል። አድሶርፕሽን የምንለው ይህንን ነው፤ አንድ ነገር ወደ ሌላው ውስጥ ሳይዘልቅ ገጹ ላይ ተለጥፎ ሲቀር።

እኔ ግን ሌላ ነገር አንብቤ ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ከሰል ላይ የሚቀመጥ ሞለኪውል የሚቀመጠው ስለተመቸው ነው። ሲሞቀው ይነሳል፤ ቦታው እየሞላ ሲሄድም ዝር አይልም። እኔ ያነበብኩት ራሳቸው ከሞለኪውል ስለተሠሩ ማሽኖች ነበር። በአንድ ገጽ ላይ እንደ ሣር የበቀሉ፣ በዓይን የማይታዩ ክሮች አስቡ። ኤሌክትሮን ሲሰጣቸውና መልሶ ሲወሰድባቸው፣ ውሃው ውስጥ ያሉትን ቀለበት መሰል ሞለኪውሎች እየያዙ ክሩ ላይ ያጠልቋቸዋል። ቀለበቶቹ እርስ በርስ የሚገፋፉ ናቸው፤ ለራሳቸው ቢተው አንድ ክር ላይ አይሰበሰቡም። ማሽኑ ግን ያስገባቸውና መመለሻውን ይዘጋባቸዋል። እንግዲህ ማን እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚነሳ የሚያዘው ተቀማጩ ሳይሆን ገጹ ነው።

አማካሪዬ ርዕሱን ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ሴሚናር ላይ አቅርቢው። ክፍሉ ከተረዳሽ ርዕሱ ያንቺ ነው።»

«ካልተረዱኝስ?»

«የቡሬ ልጅ አይደለሽ? የበቆሎ ቆረቆንዳ ገና ማንም አልነካውም። አንድ ጆንያ ይዘሽ ትመጫለሽ፣ እናከስላለን።»

«የፍኖተ ሰላም ነኝ።»

«ቆረቆንዳው ያው ነው።»

ችግሩ ክፍሉ እንዲረዳኝ መጀመሪያ ሊሰማኝ የሚገባ መሆኑ ነው። እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ከጥርሴ አያልፍም። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬን አልጋዋ ላይ አስቀምጬ ልምምድ አደረግሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አቅርቤ «እንዴት ነው?» ብላት፣ «ጨርሰሻል እንዴ? ጉሮሮሽን እየጠራረግሽ መስሎኝ ስጠብቅ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ያዘጋጀሁት ሥዕል ሁሉ ቀስትና ቀለበት ብቻ ነበር። አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ «ሰው የሚያውቀው ምሳሌ የት አለ?» ብለው ጽፈውበታል።

በዚህ መሀል የአጎቴ ልጅ ሰርግ ደረሰ። ሲዘጋ ሲከፈት የከረመው መንገድ ክፍት የሆነበት ሳምንት ስለነበረ መቅረት አልቻልኩም። ፍኖተ ሰላም ቤት ደርሼ ባደርኩ ማግስት ከእናቴ ጋር ወደ አጎቴ አገር፣ ከጅጋ ወጣ ብላ ወዳለችው ቀበሌ ሄድን። ባጃጁ ውስጥ እናቴ የተሰፋ ልብሷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠየቀችኝ።

«ምንድነው እሱ የምታቀርቢው?»

«ማሽን ነው እማዬ። ከሞለኪውል የተሠራ።»

«ይታያል?»

«አይታይም።»

«ድምፅስ አለው?»

«የለውም።»

እናቴ ትንሽ አሰበችና «አንቺን ነዋ የሚመስለው» አለች። የባጃጁ ሾፌር ሳቁን ለመዋጥ ጥሩምባ ነፋ።

ዳሱ ረጅም ነበር። በባሕር ዛፍ ግንድ ቆሞ ሸራ ለብሷል፤ ግራና ቀኝ የተጠረበ አግዳሚ ተደርድሮ በመሀል መተላለፊያ ተትቷል። በሩ በአንደኛው ጫፍ ነው፤ የሙሽሮቹ መቀመጫ በሌላኛው። የእንጀራው ሞሰብ፣ የወጡ ጎላና የጠላው ገንቦ የሚቆመውም እዚያው ላይኛው ጫፍ ነው። አጎቴ ይህን ሁሉ እያዞረ ካሳየኝ በኋላ «አንቺ ሰው አክባሪ ነሽ» አለኝ። «በሩ ላይ ቁሚና እንግዳውን ወደ ላይ አሳልፊ።» የሚጮህ ሰው ለሚያስፈልገው ሥራ እኔን መረጠ፤ እኔም እንቢ ለማለት የሚበቃ ድምፅ አላገኘሁም።

በእኛ አገር የተከበረ ሰው ዘሎ ወደ ላይ አይወጣም። ከበሩ አጠገብ ቁጭ ይልና «እዚሁ ይሻለኛል» ይላል። ላይ መቀመጥ ያለበት ከእሱ የሚበልጥ ሰው ነው፤ ያ የሚበልጠው ሰው ሲመጣ ደግሞ እሱም ከበሩ አጠገብ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ገና በጠዋቱ የበሩ አካባቢ በነጭ ጋቢ ጢም አለ። መሀሉ ሳሳ፤ ላይኛው ግማሽ ባዶውን ቀረ። ወጡ ካለበት ሰው የለም፤ ሰው ካለበት ወጥ አይደርስም። አሳላፊዎቹ ሳህን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ከተቀማጩ ጉልበት ጋር እየታገሉ ቆሙ። እኔ «ወደ ላይ ይለፉልኝ» እላለሁ። አንድ አዛውንት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አልሽ ልጄ?» አሉኝ። ደገምኩት። «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» ብለው እዚያው ተደላደሉ።

የባሰው ደግሞ ኖር መባባሉ ነበር። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ ገቢው «በእግዜር፣ በእግዜር ተቀመጡ!» ይላል። ሲቀመጡ ግን ማንም የነበረበት አይመለስም። ለገባው የተሻለ ቦታ ለመልቀቅ ሁሉም አንዳንድ ክንድ ወደ በሩ ሸርተት ይላል። ቄስ በገባ ቁጥር መጨናነቁ ባሰ። በስንት ልመና መሀል ድረስ ያደረስኳቸው እንኳ ከሁለት ኖር በኋላ አጠገቤ ነበሩ።

በዚህ ጊዜ አክስቴ ከማድ ቤት ወጣች። አክስቴ የአባቴ ታናሽ ናት፤ ወርዷም ድምጿም ሰፊ ነው። ጭልፋዋን እንደያዘች ዳሱን ከላይ እስከ ታች አየችና እኔን አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰው በሩን ሊጠብቅልን ነው የተጠራው?»

«እንቢ አሉኝ።»

«እንቢ ያሉሽ መቼ ሰምተውሽ!» ብላ አንዱን ሽማግሌ ብብታቸው ሥር ገብታ አነሳቻቸው። «አያ፣ ምነው ከበር ተለጠፉ? ላይ ወንበሩ ባዶውን ነው!»

«እዚሁ ይበቃኛል፣ የኔ እመቤት።»

«አፈር ስሆን!»

«ኧረ ተይኝ፣ እግሬም አይችል።»

«እግርዎ ቅዳሜ ጅጋ ገበያ በሬ ሲነዳ አይቼዋለሁ!»

እየጎተተች ላይ አድርሳ አስቀመጠቻቸው። ሁለተኛውን ልታመጣ ስትመለስ ግን የመጀመሪያው ቀድመዋት በሩ ጋ ነበሩ፤ እንዲያውም «ኖር!» ብለው ተነሥተው ተቀበሏት። አክስቴ ጭልፋዋን ወገቧ ላይ አድርጋ መተላለፊያው መሀል ቆመች።

አጎቴ ስልክ ጆሮው ላይ እንደያዘ እየሮጠ መጣ። ሙሽሮቹ ከቡሬ ተነሥተው ፍኖተ ሰላምን አልፈዋል። የልጅቱ ዘመዶች በሙሉ አብረዋት ናቸው። «ሙሽራዋ በር ላይ ልትቆምብኝ ነው! የቡሬ ሰው ምን ይለኛል? በየገበያው ነው የሚያወሩኝ!»

በዚሁ ቅጽበት አንድ ቄስ ገቡ፤ ዳሱ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። አክስቴ መተላለፊያው ላይ ስለነበረች ሰዉ ሲነሳ በክርኗ ገፋ አደረገችው፤ የተነሳው ረድፍ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ሄደ። ያስተዋለ የለም። ሲቀመጡ እንደ ልማዳቸው ወደ ታች ሊሸራተቱ ሞከሩ፤ አክስቴ ግን እዚያው መሀል ላይ ቆማለች፤ የሚያልፉበት ቀዳዳ የለም። አንድ እርምጃ ወደ ላይ እንደተጠጉ ተቀመጡ።

እኔ በሩን ተደግፌ ይህን አየሁና የጭንቅላቴ ቀስትና ቀለበት ሁሉ ነጭ ጋቢ ለበሰ። ቁጭ ያለ ሽማግሌ ከአግዳሚው መንቀል ለአክስቴም ከብዷት ነበር፤ የቆመ ግን በክርን ነካ ሲደረግ ይሄዳል። ሰዉን ቀስቃሽ ነገር ያስፈልጋል፤ ሲቀሰቀስ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚገፋ፣ ሲረጋ ደግሞ መመለሻ የሚከለክል። ሁለተኛውና ሦስተኛው አክስቴ ናት። ቀስቃሹ ግን ቄስ ሲገባ ብቻ የሚገኝ ነው፤ የሚገባ ቄስ ደግሞ አልቋል።

ከበሩ ሥር፣ ከእኔ ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ የኔታ ተቀምጠዋል። የአባቴም የአጎቴም የቅኔ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተማሪ ከንፈር ሥር የሚንሾካሾክ ቅኔ ሲቀበሉ ስለኖሩ፣ በዚያ ዳስ ውስጥ የእኔን ድምፅ የሚሰሙ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጎንበስ ብዬ አንሾካሾክሁላቸው።

«የኔታ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ወጥተው ይግቡልኝ።»

«ምን ረስቼ ልጄ?»

«ምንም አልረሱም። እርስዎ ሲገቡ ሰዉ ይነሣል።»

ዳሱን አዩ። ቀጥለው አክስቴን አዩ፣ ክርኗንም አዩ። «ገባኝ» አሉ። «የአንጥረኛ ወናፍ ልታደርጊኝ ነው። ወጣ፣ ገባ።»

«ይቅርታ የኔታ።»

«ግድ የለም። ወናፉ ይሞቀዋል እንጂ አይቃጠልም» ብለው መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ።

አክስቴን በዓይኔ ጠቀስኳት። ገና ሳልጨርስ ገባት።

የኔታ ገቡ። «ኖር!» አለ ዳሱ። «በእግዜር፣ በእግዜር!» አሉ። አክስቴ አንድ ረድፍ ገፋች፤ መተላለፊያውንም ዘጋች። የኔታ ጥቂት እንደቆዩ አንድ ነገር የታወሳቸው ይመስል ግንባራቸውን ነክተው ወጡ። ገቡ። «ኖር!» አክስቴ ገፋች። ጭራቸውን ውጭ ትተው ነበርና ሊያመጡ ወጡ፤ ይዘው ገቡ። «ኖር!» ጭራውን መልሰው ሊያስቀምጡ ወጡ። ሰዉ ብድግ ቁጭ ሲል ጉልበቱ ይንቋቋል፤ አከባበሩ ግን አንድም ጊዜ አልቀዘቀዘም። የኔታ እየገቡ ቁጭ ብሎ መቅረትን የሚያስብ ሰው አልነበረም።

ከጀርባዬ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ዛሬ የኔታን ምን ነካቸው?»

«ጠላው ይሆናል።»

«መቼ ቀመሱ!»

«እንግዲያ አለመቅመሳቸው ነዋ። ፈልገው ነው የሚዞሩት።»

«ኧረ እንዲያውም ሆዳቸውን ሳያማቸው አልቀረም። እንደገቡ ይወጣሉ።»

አንድ አዛውንት መነሳቱ ሰለቻቸውና «የሚቀጥለውን እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ» ብለው ቀሩ፤ አክስቴ እሳቸውን ያለ ምንም ድካም ከሙሽራው ወንበር አጠገብ አደረሰቻቸው።

በመጨረሻ ላይኛው ግማሽ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቀ። እዚያ መቀመጥ የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ወደ በሩ ያያል፤ በሩና እነሱ መካከል ግን አክስቴ ጭልፋዋን ይዛ ቆማለች። ታች ያለው ቦታ ተለቀቀ፣ ወጡ መድረስ ጀመረ። የኔታ ላብ በላብ ሆነው በሩ ላይ ቁጭ እንዳሉ ጥሩምባው ተሰማ። ሙሽሮቹ በእልልታ በሰፊው መተላለፊያ ገቡ። ከኋላ የመጣች አንዲት የቡሬ ሴት ለጓደኛዋ «አየሽ፣ የእነዚህ አገር ሰው እንዴት ሥርዓት ያውቃል! በዕድሜ ቅደም ተከተል ነው የተቀመጡት» ስትል ሰማሁ። አጎቴም ሰማ፤ ደረቱ ሲነፋ ሸራው የሚቀደድ መሰለኝ።

ምሳው ካለቀ በኋላ አክስቴን ማድ ቤት ጠሯት። ከመተላለፊያው ዘወር ከማለቷ ከላይኛው ጫፍ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ታች ሸርተት አሉ። ተከትለው ሌላው። የገፋቸው የለም። ተራ በተራ እየወረዱ ሁሉም የጠዋት ቦታቸውን ያዙ።

ማታ ማድ ቤት አክስቴን «የሞለኪውል ማሽን ሆንሽልኝ እኮ» አልኳትና ከአቅሜ በላይ ጮክ ብዬ አስረዳኋት። አንዱንም ቃል አልተቀበለችም። «እኔ ሰው አበላሁ እንጂ ማሽን አልሠራሁም» አለች። ባሏ ግን ከጥግ በኩል አንገታቸውን አቀኑ።

«ማሽን ናት ነው የምትይው?»

«አዎ።»

«ጎሽ! ታዲያ ማጥፊያው የት ነው? እስከዛሬ አጥቼው ነው።»

አክስቴ በጭልፋው አሳየቻቸው።

የሴሚናሩ ቀን አዳራሹ ስገባ ተመልሼ ዳሱ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። መምህራኑና ተማሪዎቹ በሙሉ ከኋላ፣ በሩ ሥር፣ ተጣበው ተቀምጠዋል። የፊተኞቹ ረድፎች ባዶ ናቸው። ኮምፒውተሬን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝቼ የመጀመሪያው ሥዕል ግድግዳው ላይ እንደታየ መብራት ጠፋ። ቀስቱም ቀለበቱም አብሮ ጠፋ። «እንደምን አላችሁ» አልኩ። ከኋላ አንዱ «ጀምሪ እንጂ!» አለኝ። ጀምሬ ነበር። አማካሪዬ ሰዓታቸውን አዩ፤ የበቆሎ ቆረቆንዳው ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ።

የክፍሉ ኃላፊ የገቡት ያኔ ነው። ዘግይተው ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሩ ሥር ያለው ሁሉ ከልማዱ የተነሣ ብድግ አለ።

ቆመዋል። ቁጭ እስኪሉ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

«እንደቆማችሁ!» አልኩ። ድምፁን አላወቅሁትም፤ ከማድ ቤት የመጣ ድምፅ ነበር። «በሞቴ፣ እንደቆማችሁ ወደ ፊት እለፉልኝ! መብራትም የለ፣ ድምፄም እዚያ አይደርስም። አፈር ስሆን!»

እያንዳንዳቸው የጎናቸውን ሰው አዩና ሄዱ። እየተከተልኩ መተላለፊያው መሀል ላይ ቆምኩ። ወርዴ የአክስቴን አያክልም፤ ግን እጆቼን ዘረጋሁ። ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀመጡ።

«ርዕሴ አሁን የሆነው ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አልተቸገርኩም። አግዳሚውን ገጽ አደረግሁት፣ እነሱን ቀለበት። ከሰል ቢሆን ኖሮ ሁሉም ደስ ባለው ቦታ፣ በሩ ሥር፣ ይቀር እንደነበር ነገርኳቸው። የኃላፊው መግባት ኤሌክትሮኑ እንደሆነ፣ የተዘረጋው እጄ ደግሞ የሚመለሱትን ቀለበቶች የሚያግደው የክሩ ክፍል እንደሆነ ነገርኳቸው። የኔታንም አነሳሁ። ሳቁ። ሳቃቸው ሲቆም እንኳ እየሰሙኝ ነበር።

አማካሪዬ እጃቸውን አወጡ። «ቆሻሻ ውሃ ሊያጠራ ይችላል ነው የምትይው?»

«ገና ነው» አልኩ። «ያነበብኩት ማሽን በተመረጡ ቀለበቶች ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ኃይልም ይበላል። የኔታ በመጨረሻ ላብ በላብ ሆነው ነበር። ከሰል ግን ምንም አይበላም።»

የክፍሉ ኃላፊ ቀጠሉ። «ካስገባሻቸው በኋላ ማስወጣት ብትፈልጊስ? ማጥፊያው የት ነው?»

የአክስቴ ባል አጠገባቸው የተቀመጡ መሰለኝና ልስቅ ነበር። «እዚህ ነው» ብዬ ከመተላለፊያው አንድ እርምጃ ወደ ጎን አልኩ። አንድ መምህር ወዲያው ብድግ ብለው እያጎነበሱ በሩ ሥር ወደነበረው መቀመጫቸው ሄዱ። ስልካቸውን ረስተውት ነበር። ሙከራው እንዲህ ይሠራል ብዬ እኔም አልጠበቅሁም።

ሲያበቃ ሁሉም ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱና ቆሙ። «ይቅደሙ» ይላሉ አንዱ። «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ይላሉ ሌላው። «በፍጹም፣ እርስዎ እያሉ!» የክፍሉ ኃላፊ ለአማካሪዬ፣ አማካሪዬ ለኃላፊው፣ ሌሎቹ ለሁለቱ። ማንም አልወጣም። እኔ ኮምፒውተሬን አቅፌ ከኋላ ቀረሁ። አማካሪዬ በመጨናነቁ መካከል አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ርዕሱ ያንቺ ነው» አሉ። «ማሽኑን መሥሪያ የለንም፤ በኮምፒውተር ስሌት ትሠሪዋለሽ።»

«ቆረቆንዳውስ?»

«ለሚቀጥለው ተማሪ ይቆይ። እርስዎ ይቅደሙ እንጂ!» የመጨረሻው ለክፍሉ ኃላፊ ነበር።

ኃላፊው «በጭራሽ» አሉ።

አመሰግናለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «አፈር ስሆን፣ ይውጡ!» አልኩና ኮምፒውተሬን እንደታቀፍኩ ጠጋ ብዬ ኃላፊውን በክርኔ ገፋ አደረግኋቸው።

ወጡ።